ትናንት የመጀመሪያ ሂት ክላሴን ሞክሬ ሽንት ቤት ተደበቅሁ (ሐዋሳ)

ሒሳብ_ሹሙ | ሐሙስ፣ ማታ 2:14

ሰላም የሐዋሳ ልጆች። ይህንን የምጽፈው አልጋ ላይ ተንጋልዬ ነው። ራት ቀርቧል ተብያለሁ፣ ግን ሳሎን ድረስ የሚወስደኝ እግር የለኝም።

ዕድሜዬ 34 ነው። ሥራዬ ሒሳብ። ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ ነኝ። ሰሞኑን ሱሪዎቼ ተራ በተራ እምቢ ሲሉኝ አንዲት የቢሮአችን ልጅ «ጋሼ፣ ለምን ከእኛ ጋር ሂት አትሠራም? 45 ደቂቃ ብቻ እኮ ነው» አለችኝ። በ8 ዓመት ብቻ ነው የምበልጣት። ጋሼ ያለችው ነገር ነው እልህ ያስገባኝ። ሂት የሚሉት ለአጭር ጊዜ በኃይል እየሠሩ፣ ትንሽ እያረፉ፣ እንደገና የሚሠሩት ስፖርት ነው።

45 ደቂቃ ምን አላት ብዬ ሄድኩ። የዓመት ሒሳብ ሲዘጋ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ የማድር ሰው ነኝ።

ክላሱ 11:30 ላይ ነው። ሁለተኛ ፎቅ፣ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ በሙሉ መስታወት። ሃያ ያህል ሰው አለ፣ ብዙዎቹ ሴቶች። ኮቹ ጆሮው ላይ ማይክ ሰክቷል። ሕመም ይኑረኝ አይኑረኝ የጠየቀኝ የለም። ብሩን ተቀበሉኝ፣ ገባሁ። ሙዚቃው ተለቀቀ። በቦታችን ሮጥን፣ እጅ አወናጨፍን፣ ወገብ አዞርን። ላብ በላብ ሆንኩ። ሲያልቅ ኮቹ «ጎበዝ! አሁን ሞቀናል» አለ። እኔ ክላሱ ያለቀ መስሎኝ ፎጣዬን ላነሳ ነበር።

ከዚያ ዋናው ጀመረ። 40 ሰከንድ ሥራ፣ 20 ሰከንድ ዕረፍት። ስኳቱ፣ ማለት ቁጭ ብድጉ፣ ደህና ነበር። እጅና እግር እየከፈቱ የሚዘሉት ጃምፒንግ ጃክም እንደምንም። ቀጥሎ በርፒ የሚሉት መጣ። ለማታውቁት፦ ቁጢጥ ትላለህ፣ እጅህን መሬት ታደርጋለህ፣ እግርህን ወደ ኋላ ትወረውራለህ፣ ደረትህ ወለል ይነካል፣ ትነሳለህ፣ ትዘላለህ። ከዚያ እንደገና። ለጠላት የሚታዘዝ ነገር ነው። አምስቱን ሠራሁ። ስድስተኛው ላይ እንደወረድኩ ቀረሁ። ወለሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ደስ ይላል። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ስታስር አየኋት። አንዱ ክር ሮዝ፣ አንዱ ነጭ። ይህንን ሁሉ ለማየት ጊዜ ነበረኝ።

«አትቁም! አትቁም!» ይላል ኮቹ። እንደምንም ተነስቼ ጉልበቴን ይዤ ቀጥ አልኩ። ያኔ ዓይኔ ጭልም አለ። ጉልበቴ ቄጠማ ሆነ። 10:30 ላይ የበላሁት የዓሣ ጉላሽ «እኔም ልውጣ» አለ። ሰዓቱን ሳይ ገና 12 ደቂቃ። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁና ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ በማይክ «ያ አዲሱ ወንድማችን የት ገባ?» ሲል ይሰማኛል። ሕዝቡ ሳቀ። ስወጣ ደግሞ አጨበጨቡልኝ። ከሳቁ ጭብጨባው ይብሳል።

ወደ ቤት ስመለስ ባጃጅ ውስጥ እግሬን በእጄ አንስቼ ነው ያስገባሁት። ሹፌሩ ዞሮ አየኝና «ጋሼ፣ ምነው አሞዎታል እንዴ?» አለኝ። በአንድ ቀን ሁለተኛው ጋሼ።

የወር ከፍያለሁ። ልመለስ ወይስ ብሩን ረስቼ ሰፊ ሱሪ ልግዛ? ይህ ነገር በሁሉም ሰው ይደርሳል ወይስ የእኔ ብቻ ነው?


የአቶቴ_ልጅ | ሐሙስ፣ ማታ 2:31

ባልዲው ገደለኝ። የጂሙን ስም ባትናገርም ያንን ባልዲ የማውቀው መሰለኝ። እኔም ተቀምጬበታለሁ።

ግን ወንድሜ፣ ጉላሽ በልቶ በርፒ? ድፍረት ነው ይሄ።


ታቦር_ወጪ | ሐሙስ፣ ማታ 2:50

ሱሪ ግዛ።

እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ታቦር ተራራ ላይ ነኝ። ማይክ የለም፣ መስታወት የለም፣ ወርሃዊ የለም። ትወጣለህ፣ ከተማውንና ሐይቁን ቁልቁል ታያለህ፣ ትወርዳለህ፣ አለቀ። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳን ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። መስታወት ፊት መንፈራገጥ የግድ አይደለም።

ከፍታውንም አትርሱ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የፈረንጅ ባሕር ዳርቻ ላይ የተሠራ ፕሮግራም እንዳለ አምጥቶ እዚህ መገልበጥ አይሠራም።


ነርሷ | ሐሙስ፣ ማታ 3:05

ታቦር ወጪ፣ ግማሹ ልክ ነው። ድርጅቱ 150 ብሏል፤ «ወይም 75 ደቂቃ ጠንከር ያለ» ብሎም ጽፏል። እሷን ዘለልካት። ከፍታውን ግን ተወው። ሰውየው እዚሁ ነው የሚኖረው፣ ሰውነቱ ለምዶታል። የበቆጂ ልጆች ከእኛ 1,000 ሜትር ያህል ከፍ ብለው ነው የሚሮጡት፣ ምንም አልሆኑም።

ሒሳብ ሹም፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዓይንህ የጨለመው እየሠራህ ነው ወይስ ከቆምክ በኋላ?


ሒሳብ_ሹሙ | ሐሙስ፣ ማታ 3:09

ከቆምኩ በኋላ። ሦስት አራት ትንፋሽ እንደሳብኩ።


ነርሷ | ሐሙስ፣ ማታ 3:26

ጠርጥሬ ነበር። ስትዘል የእግርህ ጡንቻ በተኮማተረ ቁጥር ደሙን ወደ ልብ ወደ ላይ ይገፋል። እንደ ሁለተኛ ፓምፕ ቁጠረው። የደም ሥሮችህ ደግሞ በዚያን ሰዓት ሰፍተዋል። ድንገት ቀጥ ስትል ፓምፑ ቆመ። ደሙ እግርህ ላይ ይጠራቀማል፣ ጭንቅላትህ ጋ የሚደርሰው ያንሳል። ዓይን የሚጨልመው ለዚህ ነው። ሲደክምህ መዝለሉን ተው፣ ግን በቦታህ ተራመድ። ከጨለመብህ ደግሞ ወዲያው ተቀመጥ ወይም ጋደም በል። ባልዲው ላይ መቀመጥህ ሳታውቀው ትክክል ነበር። በሩን መዝጋትህ ግን አላስደሰተኝም። ብትወድቅ ማን ያይሃል?

ጉላሹም ድርሻ አለው። ሰውነትህ ደሙን ወደ ጡንቻ ሲልክ ከሆድ ይቀንሳል፣ ምግቡ ባለበት ይቀመጣል። ከባድ ምግብ ከሆነ ሁለት ሦስት ሰዓት ይለፈው።

አሁን ሳልቀልድ። ደረት መጫንና ማፈን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ እየሠሩ እያለ ራስን መሳት፤ ከእነዚህ አንዱ ካለ «ስፖርት ስላልለመድኩ ነው» አይባልም። በቀጥታ ሐኪም ቤት። ግፊት ወይም ስኳር ካለብህ፣ ወይም ከቤተሰብህ በወጣትነቱ በልብ ድንገት የሞተ ካለ፣ ከመመለስህ በፊት ተመርመር። ግፊት መለካት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።


አዳማ_ፀሐይ | ዓርብ፣ ጠዋት 1:40

እናንተማ የሐይቅ ነፋስ አላችሁ። የእኛ ጂም ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ሚያዝያ ላይ ፋኑ ራሱ የሚነፋው ሙቅ አየር ነው። የመጀመሪያ ቀኔ እኔ ሽንት ቤት አልደበቅሁም፣ ደረጃው ላይ ነው የተኛሁት። ሰው እየተራመደብኝ ያልፍ ነበር።

አሁን አንድ ዓመት ሆኖኛል። መስኮት አጠገብ ነው የምቆመው። ቦታዬን የያዘ ሰው ካለ አልገባም።


ኮች_ነኝ | ዓርብ፣ ጠዋት 3:15

እዚህ ከተማ ስድስት ዓመት ክላስ ሰጥቻለሁ። ያንተን ኮች አላውቀውም፣ ግን ስለ ሙያው ልናገር።

ሂት የሚለው ስም አሁን ለሁሉም ነገር ተለጥፏል። ነገሩን በዓለም ዙሪያ ካስወሩት አንዱ ጃፓናዊው ኢዙሚ ታባታ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት 20 ሰከንድ በከፍተኛ ኃይል፣ 10 ሰከንድ ዕረፍት፣ እንደዚያ እያሉ ሰባት ስምንት ዙር ያሠሩ ነበር። ቢደመር አራት ደቂቃ ገደማ ነው። የሠሩትም በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ ነው፣ ዝላይ የለበትም። ተሳታፊዎቹ የስፖርት ትምህርት ተማሪ የሆኑ ወጣቶች ናቸው።

እንግዲህ እዩት። ለወጣት ስፖርተኛ አራት ደቂቃ የነበረውን እኛ ለሒሳብ ሠራተኛ 45 ደቂቃ አደረግነው።

የሙያችንን ምሥጢር ላውጣ። 45 ደቂቃ በሙሉ ኃይል የሚሠራ ሰው የለም። የለም! የለመዱት ሰዎች ሁሉ ይቆጥባሉ። አንዱ ዘግይቶ ይጀምራል፣ አንዷ ውሃ ልትጠጣ ትሄዳለች፣ ሌላው ግማሽ ድረስ ብቻ ይወርዳል። አንተ አዲስ ስለሆንክ ኮቹ «ሙሉ ኃይል» ሲል አመንከው። ከሃያው ሰው የታዘዘውን በትክክል የሠራኸው ምናልባት አንተ ብቻ ነህ። ለዚህ ነው 12ኛው ደቂቃ ላይ ያለቀብህ።

በርፒም ቢሆን ታሪኩ እንዲህ አይደለም። ስሙ የመጣው ከአሜሪካዊው ሮያል በርፒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሰውን የአካል ብቃት ለመለካት ነው ያወጣው። የሚሠራው አራት ጊዜ ብቻ ነበር። ከዚያ የልብ ምት ይለካል፣ አለቀ። ደረት መሬት ማስነካትና መዝለል በኋላ የተጨመረ ጣጣ ነው። አምስት ሠራሁ ካልክ ከባለቤቱ በአንድ በልጠሃል።

ከተመለስክ እግርህን አትወርውር፣ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ተራመድ። እጅህን መሬት ሳይሆን አግዳሚ ወንበር ላይ አድርግ። ደረትህን አታስነካ፣ አትዝለል። የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት 40 በ20 የተባለውን 20 በ40 አድርገው። ዕረፍቱ ሲያልቅ «ስሜ እገሌ ነው፣ ነዋሪነቴ ሐዋሳ ነው» ብለህ ሳይቆራረጥብህ መናገር ካልቻልክ የሚቀጥለውን ዙር ተራመድበት።

220 ሲቀነስ ዕድሜ የሚባል የልብ ምት ቀመርም አለ፣ ለአንተ 186 ይሰጣል። ግምት ነው፤ ከሰው ሰው ከአስር በላይ ሊለያይ ይችላል። ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንክ እንዳትጣበቅበት ብዬ ነው።

በማይክ «የት ገባ» መባሉ ግን ነውር ነው። ሰው ከክላስ ሲወጣ ሄዶ ማየት ነው እንጂ።


የሦስት_ልጆች_እናት | ዓርብ፣ ቀትር 6:20

ኮች፣ ተባረክ። ይህንን ምሥጢር ቀደም ብለህ ብታወጣው ኖሮ ስንት ቀን ባላለቀስኩ።

እኔ የጀመርኩት ሦስተኛ ልጄን ከወለድኩ ከዓመት በኋላ ነው። የእኔ ችግር ትንፋሽ ብቻ አልነበረም። ስዘል ሽንት ያመልጠኝ ነበር። ይኸው ተናገርኩት፣ እናቶች ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጥቁር ቱታ ለብሼ ጥግ እቆማለሁ፣ ዝላይ ሲመጣ ውሃ ልጠጣ እሄዳለሁ። ኮቹ «አንቺ ደግሞ ሁሌ ውሃ!» ይለኛል። ምን ልበለው?

አንድ ቀን ቤት መጥቼ ለእናቴ በርፒ አሳየኋት። 60 አልፏታል። አየችኝ አየችኝና «ይኼማ ስግደት ነው፣ ምን አስጮኸሽ?» አለችኝ። ስቅለት ዕለት ቅዱስ ገብርኤል ግቢ ስትሰግድ የምትውል ሴት ናት። እስቲ አሳዪኝ አልኳት። ነጠላዋን አጣፋች፣ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ቆመች፣ ኪርያላይሶን እያለች ጀመረች። ሃያ ቆጠርኩ። ትንፋሿ ጨመር ከማለቱ በቀር ምንም የለም። እኔ ሃያ ብሠራ አምቡላንስ ነው የሚመጣው።

ለካ ፍጥነቷ ነው። ትወርዳለች፣ ግንባሯን ታስነካለች፣ እዚያው አንድ ትንፋሽ ትወስዳለች፣ ትነሳለች። የሚያቻኩላት የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክላሱን በስግደት ፍጥነት ነው የምሠራው። ሰው አስር ሲሠራ እኔ አራት።


ታቦር_ወጪ | ዓርብ፣ ቀትር 6:34

እማማን ታቦር ላኩልኝ። ከእኔ ጋር ይወጣሉ፣ ወርሃዊ አላስከፍልም።


ነርሷ | ዓርብ፣ ቀትር 7:02

እህቴ፣ ሽንት ማምለጡ የብዙ እናቶች ነገር ነው፣ ግን ችለሽው የምትኖሪው አይደለም። የዳሌ ወለል ጡንቻ የሚባል አለ። ሽንትሽን ለማቆም የምትጨብጪው ነው። እሱን ለብቻው ማሠራት ይረዳል፣ ለብዙዎች በወራት ውስጥ ለውጥ ያመጣል። ሐኪምሽን በግልጽ ጠይቂ። እስከዚያ ዝላዩን መተውሽ ልክ ነሽ።


ሒሳብ_ሹሙ | ዓርብ፣ ማታ 1:48

ዛሬ ከትናንት ባሰ! እየቀለለኝ ይሄዳል ብዬ ነበር። ደረጃ መውጣቱ ይሻላል፣ መውረዱ ነው ጉዱ። ቢሮ ደረጃውን ወደ ኋላዬ ዞሬ ስወርድ ዘበኛው አየኝ።

ዋናው ጣጣ ግን የግቢያችን ሽንት ቤት የመሬት መሆኑ ነው። ቁጢጥ ማለቱን እንደምንም አልኩ፣ መነሳቱ አልሆነም። የበሩን እጀታ ይዤ ስጎትት እጀታው አብሮኝ መጣ። አሁን እጀታ መግዛት አለብኝ።

ባልደረቦቼ ላክቲክ አሲድ ነው እያሉኝ ነው። ማስታገሻ፣ ዳይክሎፌናክ ልዋጥ?


ነርሷ | ዓርብ፣ ማታ 2:20

እጀታው! ይቅርታ፣ ሳቅኩ።

ላክቲክ አሲድ አይደለም። እሱ ጡንቻ በኃይል ሲሠራ የሚያመነጨው ነገር ነው፤ ስፖርቱ ካበቃ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ከደም ይጠራል፣ ሁለት ቀን አይቆይም። ያልለመደ ጡንቻ እየተለጠጠ ሸክም ሲሸከም ውስጡ በጣም ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል፣ ሰውነት እሱን ሲጠግን ነው የሚያምህ። ከደረጃ ስትወርድ ጭንህ እየተለጠጠ ነው የሚሸከምህ፣ መውረዱ የባሰው ለዚህ ነው። ሕመሙ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ውስጥ ይብስና ከዚያ ይለቃል። ቀስ ብለህ ተራመድ፣ ብላ፣ ተኛ። የጾም ሰዎች ከሆናችሁ ሽሮውንና ምስሩን አታሳንሱ፣ ጡንቻ የሚጠገነው በፕሮቲን ነው።

ዳይክሎፌናኩን ተወው። በተለይ ውሃ ባነሰው ሰውነት ላይ ኩላሊትን ያስቸግራል። እየዋጡ ክላስ መግባት ደግሞ ጭራሽ።

ሽንትህን ግን እይ። ቀለሙ እንደ ሻይ ወይም እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ወይም ጡንቻህ አብጦ ሕመሙ ከልክ ካለፈ፣ ጠዋትን አትጠብቅ። ጡንቻ ከመጠን በላይ ሲጎዳ የሚለቀው ነገር ኩላሊት ይዘጋል። ብዙ ጊዜ አይከሰትም፣ ከተከሰተ ግን ቀልድ አይደለም። የመጀመሪያ ቀን በእልህ የሚሠራ ሰው ነው በብዛት የሚያገኘው።


ሒሳብ_ሹሙ | ዓርብ፣ ማታ 2:24

አየሁ። ነጭ ሻይ እንኳን አይመስልም። ተመስገን።


የአቶቴ_ልጅ | ዓርብ፣ ማታ 2:26

የሽንትህን ዜና ስለነገርከን እናመሰግናለን።


ሒሳብ_ሹሙ | ሐሙስ፣ ማታ 1:55

ሳምንቱ ሞላ። ትናንት ተመለስኩ።

መጀመሪያ ግፊቴን ተለካሁ፣ ደህና ነው። ምሳ በጊዜ በላሁ፣ እሱም ሽሮ። ክላሱ ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው ደርሼ ኮቹ ጋ ሄድኩና «ባለፈው ባልዲ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ» አልኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ደነገጠ። «ወጥተህ የሄድክ መስሎኝ ነው የቀለድኩት፣ ይቅርታ» አለኝ። በግማሽ ፍጥነት እንደምሠራ ነገርኩት፣ እሺ አለ። በማይክ ሳይጠራኝ ዋለ።

ኋላ ጥግ፣ ምሰሶው አጠገብ ቆምኩ። ከዚያ መስታወቱ አይታይም። ሰው መኖሩን ረስቼ ሠራሁ። በርፒ ሲመጣ በስግደት ፍጥነት አራት፣ የቀረውን በቦታ መራመድ። ሁለት ጊዜ «ስሜ እገሌ ነው» ብዬ ሞከርኩ፣ ሁለተኛው ላይ የገዛ ስሜ ተቆራረጠብኝ፣ ተራመድኩ። 31ኛው ደቂቃ ላይ በቃኝ ብዬ በሰላም ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ እግሬ ሳይታገዝ ገባ። ሹፌሩ አሁንም ጋሼ ነው ያለኝ፣ እሱን ትቼዋለሁ።

ግን ልነግራችሁ የፈለግሁት ሌላ ነው። ያቺ ሮዝና ነጭ ክር ያላት ሴትዮ ከፊቴ ነበረች። ኮች ነኝ የጻፈውን አንብቤ ስለነበር ልብ ብዬ አየኋት። ስኳት ላይ አንደኛ ናት። በክንድና በእግር ጣት ተደግፈው ቀጥ የሚሉበት ፕላንክ ላይ እንደ ድንጋይ። በርፒ ሲጀመር ጎንበስ ብላ ክሯን ታስራለች። በሁለተኛው ዙር በርፒም ተፈታባት። በሦስተኛውም።

ስንወጣ ደረጃው ላይ «የእርስዎ ክር ሁልጊዜ ነው የሚፈታው?» አልኳት።

«በርፒ ሲመጣ ብቻ» አለችኝ።


የአቶቴ_ልጅ | ሐሙስ፣ ማታ 2:03

እኔ የማደርገው ክር የሌለው ጫማ ነው። ነገ ልቀይር።